ፍሪጁ በ9ኛው ቀን ቀጥ አለ፣ ሻጩ «የተሸጠ እቃ አይመለስም» አለኝ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምፅፍላችሁ። እዚሁ ከተማ ካለ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት አዲስ ፍሪጅ በ48,000 ብር ገዛሁ፣ በ9ኛው ቀን ማቀዝቀዝ አቆመ፣ ሞተሩ ይጮሃል ግን ውሃ እንኳን አያቀዘቅዝም። ሻጩጋ ስሄድ «ጋዝ ጨርሶ ነው፣ ሰኞ ባለሙያ ልኬ አስሞላልሻለሁ» አለኝ። አይ ይቀየርልኝ ስለው ደረሰኙ ግርጌ ያለውን «የተሸጠ እቃ አይመለስም» የሚል ፅሁፍ አሳየኝ። ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ ደሞ 30,000 ነው፣ ያኔ ቅናሽ አርጌልሻለሁ ምናምን ሲለኝ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ምን ላርግ? — እህታችሁ ሀ.

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ካላንደር አውጪና ከገዛሽበት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 813 ነው፣ የገዛሽው እቃ ጉድለት ቢገኝበት በ15 ቀን ውስጥ መልሰሽ ወይ ይቀየርልኝ ወይ ብሬን መልስልኝ ማለት ትችያለሽ ይላል፣ ዋራንቲ ካርድ ኖረሽም አልኖረሽም። ስለዚህ «ሰኞ ባለሙያ ይመጣል» የምትለዋን ነገር ጠርጥሪያት፣ ሰኞ ባለሙያው አይመጣም፣ ሀሙስ ይመጣና እቃ ጎደለኝ ብሎ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ስትደውይ ስልክ አይነሳም፣ በዚህ መሃል 15ቱ ቀን አለቀ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህጋ ነው የሚበላው፣ ህግ ስለሌለ አይደለም፣ ይሉኝታ ይዞት እየጠበቀ ነው።

«አይመለስም» የሚለው ፅሁፍ እቤት ወስዳ ቀለሙን ሳልወደው ቀረሁ ለምትል ሰው ይሰራል። እውነቱን ለመናገር ሃሳብሽን ስለቀየርሽ ብቻ መልሺ የሚል መብት ህጉ አልሰጠሽም፣ እሱ የነጋዴው ደግነት ነው። የተበላሸ እቃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ነጋዴው ደረሰኝ ላይ ባሳተማት አንድ መስመር አዋጅ አይሻርም።

አሁን ስለ ጋዙ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ይቺ ነገር በጣም ታናድደኛለች። ፍሪጅ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ እየተጠቀመ የሚጨርስ ነገር አይደለም። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። በ9 ቀኑ ጋዝ ያለቀበት አዲስ ፍሪጅ ጉድለት አለበት፣ ሌላ ትርጉም የለውም፣ ቢሞላልሽ ለጥቂት ጊዜ ይሰራና ያው ነው፣ ያኔ ግን 15 ቀንሽ የለም። ሌላው፣ የሰፈር ባለሙያ ጠርተሽ እንዳታስከፍቺው! አንድ ብሎን ከተነካ «ተነክቷል፣ አይመለከተኝም» ይልሻል፣ እዚህ ላይ ደሞ ልክ አይደለህም ለማለት በጣም ይከብድሻል።

ሻጩ የሚያመጣብሽ ሌላ መከላከያም ቢኖር «አጋድማችሁ ጭናችሁት ነው» የሚለው ነው፣ እሱ ውሸት ነው አልልም። ፍሪጅ በአይሱዙ ተጋድሞ ከተጫነ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል፣ ለዛ ነው ቀጥ አርጎ አቁሞ ጥቂት ሰዓት ሳይሰካ ማቆየት የሚያስፈልገው። ግን ጫኙ ማን ነበር? በራሱ መኪና በራሱ ልጆች ካመጣልሽ ጥያቄው ወደሱ ነው የሚዞረው። የመብራት መዋዠቅም ያነሳል፣ ስለዚህ ስታቢላይዘር ላይ ከሰካሽው ፎቶ አንስተሽ ያዢ።

ደረሰኙ ግን አስቸጋሪ ነው። 30,000 የሚል ደረሰኝ ይዘሽ 48,000 መልስ ስትይው ወረቀቱ ይፈርድብሻል፣ ለዛ ነው የሚያስቀንሱት፣ ግብሩን ብቻ አይደለም የሚያመልጡት፣ አንቺንም ነው። በቴሌብር ወይ በባንክ ከከፈልሽ ግን የትራንስፈሩ ሜሴጅ ትክክለኛውን ብር ይናገራል፣ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አርጊው። የማሽን ደረሰኙንም ፎቶ አንሺ፣ ያ ወረቀት ሙቀት ላይ የሚታተም ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ከርሞ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ከዛ ለሻጩ በቴክስት ፃፊለት፣ በቃል ብቻ አይሁን፦ «በዚህ ቀን የገዛሁት ፍሪጅ ከዚህ ቀን ጀምሮ አያቀዘቅዝም፣ በሌላ ይቀየርልኝ ወይ ብሬ ይመለስልኝ»። በቃ ይሄው ነው፣ ስድብም ልመናም አያስፈልግም። እምቢ ካለ የከተማው ንግድ ጽህፈት ቤት ማመልከቻ ከደረሰኙ ኮፒጋ አስገቢ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ሲያደርጉልሽ ቁጥርና ቀን ያለበትን ያንቺን ኮፒ ተቀበይ። ሽማግሌ ይግባ ካላችሁም ጥሩ ነው፣ እኛ አገር ብዙ ነገር የሚያልቀው እንደዛ ነው፣ ግን ማመልከቻው ከገባ በኋላ ይሁን፣ የተስማማችሁትም በወረቀት ይፈረምበት።

ጥያቄ፦ ከሸዋሮቢት ነው። አባቴ ለሽንኩርት ማሳው ባለ 3 ኢንች የውሃ ሞተር ገዛ፣ 1 ዓመት ዋራንቲ አለው ተብሎ ካርድ ተሰጠው። በሁለተኛው ወር ከፓምፑ በኩል ውሃ ማፍሰስ ጀመረ፣ መሳብም ተወ። ካርዱን ስናየው ማህተም የለው ቀን የለው፣ ባዶ ነው። ሻጩ ደሞ አዲስ አበባ ውሰዱት ይላል። የ15 ቀኑ ህግ አልፎናል ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የ15 ቀኑ ነገር ላባትህ መጀመሪያውኑም ላይሰራ ይችላል። አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይ ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፣ ለምርት ስራ የሚገዛውን አይደለም፣ አባትህ ደሞ ሽንኩርት አምርቶ ሊሸጥበት ነው የገዛው። ያ ማለት ግን ሜዳ ላይ ቀረ ማለት አይደለም፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ህግ ሻጭ ለሸጠው እቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል፣ እቃው የተገዛበትን የተለመደ ስራ መስራት ካልቻለ ተጠያቂ ነው፣ ገዢው ገበሬ ሆነ ነጋዴ። የሚፈልገው ነገር ጉድለቱን እንዳያችሁ ወዲያው ለሻጩ ማሳወቅ ነው፣ ካሳወቃችሁ በኋላ ደሞ እስከ 1 ዓመት ካልከሰሳችሁ መብቱ ይቀራል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሸጠ «ዋስትና የለውም ተባብለናል» ማለቱም አያድነውም።

ካርዱ ባዶ መሆኑ መጥፎ ነው፣ ግን 1 ዓመት ብሎ መሸጡን የሰማ ሰው ካለ ምስክር ነው፣ ደረሰኙም ቀኑን ይናገራል። አዲስ አበባ ውሰዱ ስለሚለው፣ ካርዱ ላይ የጥገና ቦታው እዛ ነው የሚል ከሌለ የሸጠላችሁ እሱ ነው፣ ይውሰደው፣ የትራንስፖርቱን ወጪ አባትህ የሚሸከምበት ምክንያት አይታየኝም።

ግን አንድ ነገር በደንብ ጠይቀው፦ ሞተሩን ሲያስነሳ ፓምፑ ውስጥ መጀመሪያ ውሃ ይሞላ ነበር ወይ? እነዚህ ፓምፖች ውስጣቸው «ሲል» (seal) የሚባል በዘንጉ በኩል ውሃ እንዳይወጣ የሚዘጋ እቃ አለ፣ ውሃ ሳይኖር በደረቁ ከዞረ ይቃጠላል፣ ከዛ በዘንጉ በኩል ማፍሰስ ይጀምራል፣ ልክ አንተ እንዳልከው። እንደዛ ሆኖ ከሆነ ሻጩን ይዞ ፍርድ ቤት መመላለሱ ለናንተም አይጠቅምም፣ ሲሉን ማስቀየር ይሻላል። ሁሌ ይሞላ ከነበረ ግን አትልቀቁት፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ድረስ ሂዱበት።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነኝ፣ በቴሌግራም ያገለገለ ስልክ ገዝቼ በሚኒባስ ተላከልኝ፣ ኦሪጅናል ነው ተብሎ ፎርጅድ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ ብሎክ አረገኝ።

መልስ፦ ነጋዴ ካልሆነ ሰው ከገዛህ የ15 ቀኑ አዋጅ አይመለከተውም፣ ይሄ የማታለል ጉዳይ ስለሆነ ቻቱን፣ የከፈልክበትን የባንክ ሜሴጅና የሚኒባሱን ረዳት ስልክ ይዘህ ፖሊስጋ ሂድ። ብርህ ይመለሳል ብዬ አልሸነግልህም። ለሚቀጥለው *#06# ደውለህ የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለውጋ አንድ መሆኑን በአካል ሳታይ አትክፈል።

ጥያቄ፦ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ መሃል ሜዳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሁሌ ስለ ሸማች ብቻ ነው የምታወሩት። ከመርካቶ ያመጣሁትን የሶላር መብራት ገበሬው በሳምንቱ «አይሞላም» ብሎ ይመልስልኛል፣ እኔ ቀይሬለት ወደ ጅምላ ሻጩ ስደውል «ስትወስድ ፈትሸህ አልነበር?» ይለኛል። ኪሳራው የኔ ብቻ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቅሬታዎ ልክ ነው። ለገበሬው መቀየርዎም ልክ ነው፣ «እኔ አልሰራሁት፣ ከመርካቶ ነው የመጣው» ማለት አይችሉም ነበር፣ ለሱ ሻጩ እርስዎ ነዎት። ለጅምላው ደሞ ገዢው እርስዎ ነዎት፣ ያው የፍትሐ ብሔሩ ህግ ለርስዎም ይሰራል። ፈትሸህ አልነበር የሚለው በአይን ለሚታይ ነገር ነው፣ የተሰነጠቀ መስታወት ቢሆን እሺ፣ ባትሪው ውስጡ የሞተ መሆኑን ግን ሱቅ በር ላይ ቆሞ ማን ያያል?

ችግሩ እርስዎ የተመለሱትን እያጠራቀሙ ቀጣዩን ጉዞ እየጠበቁ ይመስለኛል፣ ከመሃል ሜዳ መርካቶ በየሳምንቱ አይኬድማ። እቃውን ያጠራቅሙት፣ ወሬውን ግን አያጠራቅሙት፦ አንዱ በተመለሰ ቀን ፎቶውን፣ የካርቶኑን ቁጥርና ችግሩን በቴሌግራም ይላኩለት፣ መልስ ባይሰጥም ያሳወቁበት ቀን ተመዝግቧል። በሚቀጥለው ሲጭኑም ከመክፈልዎ በፊት የመቀየሪያ ጊዜውን ደረሰኙ ላይ ያስፅፉት፣ እርስዎ ለገበሬው ከሚሰጡት ጊዜ በአንድ ወር የረዘመ ይሁን፣ እቃው ሱቅዎ መደርደሪያ ላይ የሚቆይበትንም ያስቡ። ይሄን አልፅፍም የሚል ጅምላ ሻጭ ካጋጠመዎ ቀጥሎ ያለውን ሱቅ ይሞክሩ፣ መርካቶ ሶላር የሚሸጠው እሱ ብቻ አይደለም።