«ማኅበረ ባህላዊ» መቼ እንበል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ጥናቴ እናቶች ለምን ቤት ውስጥ እንደሚወልዱ ይመለከታል። ምክንያቶቹን በሙሉ «ማኅበረ ባህላዊ» ብዬ ጠቅልዬ ባቀርብ አማካሪዬ «ምን ለማለት ነው?» ብለው መለሱልኝ። ቃሉ «ማኅበራዊና ባህላዊ» ከማለት በምን ይለያል?

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ቃሉ በየሪፖርቱ ስለሚገኝ የገባን ይመስለናል እንጂ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይነግረን ያልፋል።

ማኅበራዊው ወገን የሰዎች ግንኙነት ነው፤ ማን ከማን ጋር ይኖራል፣ በቤቱ ውስጥ የማን ቃል ይሰማል የሚለው። ባህላዊው ደግሞ ሰዎች ለነገሩ የሚሰጡት ትርጉም ነው፤ እምነቱ፣ ልማዱ፣ ነውርና ክብር የሚባለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ለመጥቀስ ከሆነ «ማኅበራዊና ባህላዊ» ይበቃል። ጥምሩ ቃል የሚያስፈልገው አንዱን ከሌላው መነጠል ሲያቅት ነው።

የራስዎን ጥናት እንይ። ጤና ተቋሙ ሩቅ ከሆነ ወይም የመጓጓዣ ገንዘብ ከታጣ ጉዳዩ ርቀት ነው፣ ድህነት ነው፤ በስሙ ይጠራ። ምጥ ሲመጣ ግን ወሳኟ አማቷ ከሆነች፣ አማቷም «ወጉ በቤት መውለድ ነው» የምትል ከሆነ፣ ሥልጣኑን የሰጣት ወጉ ነው፣ ወጉን የምታስከብረውም በዚሁ ሥልጣን ነው። ቃሉ ቦታውን ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት እናቶችን ለሞት የሚዳርገውን መዘግየት በሦስት ከፍለውታል፦ ለመሄድ እስኪወሰን፣ እስኪደረስ፣ ከተደረሰ በኋላ ተገቢው ሕክምና እስኪገኝ። መረጃዎን በዚህ ቢለዩት የትኛው ማኅበረ ባህላዊ እንደሆነ ቶሎ ይታይዎታል፤ አብዛኛው መጀመሪያው ላይ ነው የሚያርፈው። (በትምህርት ጥናት ቃሉን ሲያገኙት ነገሩ ሌላ ነው፤ ልጅ ማሰብን የሚማረው ከሌሎች ጋር ባለው ግንኙነትና በቋንቋ ነው ከሚለው ከሥነ ልቦና ምሁሩ ከሌቭ ቪጎትስኪ አስተሳሰብ ጋር የተያያዘ ነው።)

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። መንገድ ያልተሠራላትን፣ አዋላጅ ያላገኘችን ሴት «ማኅበረ ባህላዊ ችግር አለባት» ብለን ስንጽፍ ጥፋቱን እሷና ሰፈሯ ላይ እየጫንን ነው፣ መንገዱን መሥራት የነበረበት አካል ደግሞ ከተጠያቂነት ያመልጣል።

ስለዚህ ቃሉን በጻፉ ቁጥር ቀጥለው ምኑን እንደሆነ ይናገሩ፦ «ማኅበረ ባህላዊ ምክንያቶች፣ በተለይም የወሊድን ቦታ የመወሰን መብት ለአማት የሚሰጠው ልማድ» ብለው ቢጽፉ አማካሪዎም ሌላው አንባቢም ይከተልዎታል።