ከማካፈላችሁ በፊት ምልክቱን ያዙ

ልጆቼ፣ ሳይንና ኮሳይን ያለበት ጥንድ እኩልዮሽ ሲመጣባችሁ «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራልናል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ በቅየሳ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቀያሽ በየቀኑ የሚፈታው ይህንኑ ነው።

የምትፈልጉት የወሰን ድንጋይ ከቆማችሁበት 300 ሜትር ወደ ምዕራብ፣ 400 ሜትር ወደ ደቡብ ነው እንበል። ርቀቱን «ር»፣ ከሰሜን ተነስቶ ሰዓት እንደሚዞረው የሚለካውን አንግል «ሀ» በሉት። ምሥራቅና ሰሜን በመደመር፣ ምዕራብና ደቡብ በመቀነስ ምልክት ይጻፋሉ።

ር × ሳይን ሀ = −300
ር × ኮሳይን ሀ = −400

ሁለቱንም ካሬ አድርጋችሁ ደምሩ። የሳይን ካሬና የኮሳይን ካሬ ድምር ምንጊዜም 1 ስለሆነ አንግሉ ይጠፋና ርቀቱ 500 ሜትር ሆኖ ይወጣል። እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ጣጣው ቀጥሎ ይመጣል። ብዙ ተማሪ የላይኛውን ለታችኛው ያካፍላል፣ ታንጀንቱ 0.75 ይሆናል፣ ካልኩሌተሩ 36.87 ዲግሪ ይላል፣ ተማሪውም መልሱን አስምሮበት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ግን እኮ 36.87 ዲግሪ ሰሜን ምሥራቅ ነው! እኛ የምንፈልገው ደቡብ ምዕራብ ነው፣ 216.87 ዲግሪ። በዚያ መልስ ሄዶ ድንጋይ የተከለ ሰው ከትክክለኛው ቦታ ድፍን 1 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ምናልባትም የሰው እርሻ መሃል ነው የሚቆመው። ካልኩሌተሩ ግን አልተሳሳተም። ሁለቱ የመቀነስ ምልክቶች ስታካፍሉ ተጣፍተዋል፣ ካሬ ስታደርጉም እንዲሁ፣ ስለዚህ ማሽኑ ምዕራብና ደቡብ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እባካችሁ፣ ከማስላታችሁ በፊት ምልክቶቹን ዳር ላይ ጻፉ፣ በእጃችሁም ትንሽ ንድፍ ሳሉ። ከዚያ መልሱን ወደ ሁለቱም እኩልዮሾች መልሱት፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። የ36.87 ሳይን 0.6 ነው፣ በ500 ሲባዛ +300 ይሰጣል፣ እኛ ደግሞ −300 ነበር የፈለግነው። አለቀ፣ ይህ መልስ ይወድቃል። በ216.87 ሁለቱም ልክ ይመጣሉ።

ቶታል ስቴሽኑ፣ ማለትም አንግልና ርቀት የሚለካው የቅየሳ መሣሪያ፣ ራሱ ያሰላዋል ትሉኝ ይሆናል፣ እውነት ነው። ኮምፒውተር ላይም ኤታን2 የሚባለው ፈንክሽን ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ስለሚቀበል ምልክቱ አይጠፋበትም። ግን ተጠንቀቁ፦ ለዚህ ከሰሜን ለሚለካ አንግል ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ የምሥራቁ ልዩነት (እዚህ −300) ይቀድማል፣ ኤክሴል ላይ ደግሞ የሰሜኑ (−400)። ውጤቱ በራዲያን ነው የሚመጣው፣ ወደ ዲግሪ ለውጡት፣ ከዜሮ በታች ከሆነም 360 ጨምሩበት።