በ2 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ዌብ ዴቨሎፕመንት መጀመር ይቻላል?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ዌብ ዴቨሎፕመንት (ዌብሳይት መሥራት) ለመማርና በዚያው ሥራ ለመፈለግ ወስነሻል። ያለሽ ግን 2 ጊጋ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ዳታ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያለው፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ብራውዘር በከፈትሽ ቁጥር ስታክ ያደርጋል። በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚመራውን ዋና ሶፍትዌር) ጫኚበት ያሉሽ አሉ፣ ተበድረሽ አዲስ ግዢ ያሉሽም አሉ።

አትበደሪ። ሥራ ሳትይዢ ዕዳ ውስጥ ከገባሽ፣ ቀድሞ የመጣልሽን ሥራ ቢስማማሽም ባይስማማሽም ለመቀበል ትገደጃለሽ። የዌብሳይት መሥሪያ ቋንቋዎቹን ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ለመማር ይህ ላፕቶፕ ይበቃሻል፤ መቀየር ያለበት ስርዓተ ክወናው ነው።

ለምን እንደሚንቀራፈፍ ልንገርሽ። ራሙ ሲሞላ ስርዓተ ክወናው የተረፈውን ዳታ ወደ ሃርድ ዲስክ ማውረድ፣ ሲፈለግም መልሶ ማንሳት ይጀምራል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ነው። የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ሲብለጨለጭና ማውሱ አልንቀሳቀስ ሲልሽ እየሆነ ያለው ይህ ነው። ስለዚህ የምትፈልጊው ራሱ ጥቂት ራም ወስዶ የቀረውን ለብራውዘሩ የሚተው ስርዓተ ክወና ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየትም አልመክርሽም፤ መደበኛ የደህንነት ማሻሻያው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል።

የእኔ ምርጫ ሉቡንቱ የሚባለው ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ከእሱ የቀለሉ አሉ፤ ነገር ግን ሉቡንቱ ከታዋቂው የሊኑክስ ዓይነት ከኡቡንቱ ጋር አንድ መሠረት ስላለው፣ ችግር ሲገጥምሽ ለኡቡንቱ የተጻፈው መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ ለአንቺም ይሠራል። ለጀማሪ ይህ ከጥቂት ሜጋባይት ቁጠባ ይበልጣል። ስታወርጂ ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው) የሚለውን ምረጪ፤ 3 ዓመት ማሻሻያ ያገኛል፣ ሌላው ግን 9 ወር ብቻ። ፕሮሰሰርሽ 32 ቢት (የቆየው ዓይነት) ከሆነ ግን አዲሶቹ ሉቡንቱዎች አይጫኑበትም፤ ያኔ አንቲኤክስ የሚባለውን ሌላ ቀላል ሊኑክስ፣ 32 ቢት ቅጂውን ሞክሪ። 1 ጊጋ ራም ላለው ማሽንም የምመርጠው እሱን ነው።

ከመጫንሽ በፊት ፋይሎችሽን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊ። ከዚያ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ሉቡንቱን ፍላሽ ላይ ጻፊውና ዲስኩን ሳትነኪ ከፍላሹ አስነሺ። ዋይፋይ ይይዛል? ድምፅ ይወጣል? ክዳኑን ዘግተሽ ስትከፍቺው ይነቃል? በተለይ ዋይፋዩን ሳታረጋግጪ እንዳትጭኚ፤ አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ተጨማሪ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ይፈልጋሉ፣ እሱን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ከፍላሽ ሲሠራ ዘገምተኛ ስለሆነ በፍጥነቱ ግን አትፍረጂው።

ከተጫነ በኋላ ዜድራም የሚባለውን ጨምሪበት፤ ዳታውን ዲስክ ላይ ከማውረድ ይልቅ እዚያው ራም ውስጥ አጭቆ ያስቀምጠዋል። ብራውዘሩ ላይ ማስታወቂያ ማገጃ ጫኚ፣ ታቦችሽንም ከሦስት አታሳልፊ፤ ማንኛውንም ስርዓተ ክወና ብትመርጪ ራሙን የሚጨርሰው ብራውዘሩ ነው። ኮድ ለመጻፍ ብዙዎች የሚጠቀሙበትን ቪኤስ ኮድን ተይውና ጂኒ የሚባለውን ቀላል የኮድ መጻፊያ ወይም ከሉቡንቱ ጋር የሚመጣውን ፌዘርፓድ ተጠቀሚ። ቪኤስ ኮድ ውስጡ ራሱ ብራውዘር ስለሆነ ይከብድሻል። ገንዘብ ስታገኚ በቅድሚያ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ) ግዢ፣ ማስገቢያ ካለውም ራም ጨምሪ። የአንድሮይድ አፕ መሥራት ግን በዚህ ማሽን አይታሰብ፤ የአፕ መሥሪያው አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይጠይቃል።

ስለ ሥራው ልጨምር። ዌብሳይቶች የሚሠሩባቸው ሰርቨሮች (ዌብሳይቱን ለተጠቃሚ የሚያቀርቡ ኮምፒውተሮች) አብዛኞቹ በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። በየቀኑ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ስትከፍቺ፣ የፋይል ፈቃድ ስታስተካክዪ፣ ሶፍትዌር በትዕዛዝ ስትጭኚ ቀጣሪ የሚፈልገውን ሙያ እየተማርሽ ነው። የገጠመሽን ችግርና የፈታሽበትን መንገድ በማስታወሻ ያዢ። ሲቪ ላይ «ሊኑክስ እችላለሁ» ከሚል መስመር ይልቅ «ዋይፋዩ አልሠራ ሲል ካርዱን በዚህ ትዕዛዝ ለይቼ ድራይቨሩን ጫንኩ» ብለሽ ማስረዳት መቻልሽ ጠያቂውን ያሳምነዋል።

ሲቪሽን ሊኑክስ ላይ በዎርድ ምትክ በሚያገለግለው በሊብሬ ኦፊስ ከጻፍሽው በፒዲኤፍ ላኪው፤ በዎርድ ፎርማት ከላክሽው ሌላ ኮምፒውተር ላይ አቀማመጡ ሊዛባ ይችላል። የቪዲዮ ኢንተርቪው ካለሽ በስልክሽ አድርጊው። አንዳንድ የቅጥር ፈተናዎች የሚሰጡባቸው የቁጥጥር ሶፍትዌሮች ሊኑክስ ላይ አይሠሩም፤ የፈተና ቀን ሲነገርሽ በምን ላይ እንደሚሰጥ ወዲያው ጠይቂ፣ ዊንዶውስ ግድ ከሆነም ለዚያች ቀን ኮምፒውተር ተዋሺ።