«ምርመራው ምንም አላሳየም፤ ሥራውን ግን አልቻልኩም»

ጠያቂያችን የ26 ዓመት ወጣት ናት። በሲቪል ምሕንድስና ተመርቃ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት በሳይት መሐንዲስነት ሁለት ዓመት ሠርታለች። ካለፉት ስምንት ወራት ወዲህ ደረጃ ስትወጣ ወይም ቆማ ስትቆይ ልቧ በኃይል ይመታል፣ ዓይኗንም ያጨልማታል። የሶሌታ (የፎቅ ወለል) ኮንክሪት ሙሌት ከተቆጣጠረች በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ከአልጋ መነሣት ያቅታታል። ኢሲጂ (የልብ ምት ቀረጻ)፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አድርጋ «ሁሉም ደህና ነው፤ ጭንቀት ይሆናል» ተብላለች። «ሥራውን ለቅቄ ማስተርስ ልማር ወይ? ስሙ ያልታወቀ ሕመም አለብኝ ብዬስ ለአለቃዬ እንዴት እነግረዋለሁ?» ስትል ጠይቃለች።

ውድ እኅቴ፣

የመልቀቂያ ደብዳቤሽን ለጊዜው አታስገቢ። ይህን የምልሽ ሕመምሽን አቅልዬ አይደለም፤ አሁን በእጅሽ ያለው መብት ሥራውን ስትለቂ አብሮሽ ስለማይሄድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ በመጣ ጉዳት ባልሆነ ሕመም መሥራት ሲያቅተው በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዙ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹ ይከፈለዋል፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን ያለ ክፍያ ናቸው። ፈቃዱ በአንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በተለያየ ጊዜ ተከፋፍሎም የሚወሰድ በመሆኑ፣ እንዳንቺ ሦስት ቀን ተኝቶ በአራተኛው ለሚነሣ ሰው ይስማማል። አዲስ ድርጅት ብትገቢ ግን እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ በሚችለው የሙከራ ጊዜ ውስጥ ይህ መብት አይኖርሽም፤ ያ ጊዜ ደግሞ ማንም አዲስ ተቀጣሪ ራሱን ለማስመስከር ከአቅሙ በላይ የሚሮጥበት ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። በምትቀሪባቸው ቀናት «ለፎርማኑ ደውዬ እነግረዋለሁ» ብለሻል። ፎርማኑ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የቀሪ መዝገብ የሚይዘው የሰው ኃይል ክፍሉ ነው። ቢዘገይ በቀረሽበት ማግስት ለሥራ አስኪያጁ ወይም ለሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ፣ በስልክ መልእክትም ቢሆን አሳውቂ፤ ስትመለሺም ከታወቀ የሕክምና ተቋም የተሰጠሽን ማስረጃ አስገብተሽ ግልባጩን ለራስሽ አስቀሪ። በቂ ምክንያት ያልቀረበበት ተደጋጋሚ መቅረት ያለማስጠንቀቂያ እስከመሰናበት ሊያደርስ ስለሚችል፣ እስካሁን ያሳለፍሻቸው ቀናት እንዴት እንደተመዘገቡ ነገ ዛሬ ሳትዪ ጠይቂ። የቅጥር ውልሽንም አውጥተሽ አንብቢ፤ በግንባታው ዘርፍ ብዙ ሰው የሚቀጠረው ለአንድ ፕሮጀክት ስለሆነ፣ ያንቺም ውል ከሕንፃው ጋር የሚያበቃ ከሆነ ዕቅድሽን የምታወጪው ያንን ቀን ታሳቢ አድርገሽ ነው።

ከዚህ ሁሉ የማይዘገየው ግን ደኅንነትሽ ነው። ዓይኑን የሚያጨልመው ሰው መወጣጫ ላይና መከለያ በሌለው የሶሌታ ጠርዝ ላይ መቆም የለበትም። ይህን ለማስቆም የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ከነገ ጀምሮ አትውጪ፣ ምክንያቱንም ሳይቱን በቋሚነት ለሚቆጣጠረው ለሬዚደንት መሐንዲሱ በግልጽ ንገሪው። ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ፣ ስትንቀሳቀሺ ደረትሽን የሚያምሽ ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰብሽ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ሐኪም ሂጂ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም ለሥራሽ የሚያስፈልገው ማስረጃ የሚገኘው ከሐኪሙ ክፍል ስለሆነ፣ እዚያ ምን እንደምትጠይቂ ማወቅ አለብሽ። ኢኮው ደህና መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ በአገራችን የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቮቹን ስለሚያበላሽ በኢኮ የሚታይ ነው። ኢሲጂ ግን የሚቀዳው ተኝተሽ ሳለሽ የጥቂት ሰከንድ የልብ ምት ብቻ ነው፤ ማክሰኞ ማታ መጥቶ የሄደ የልብ ትርታ ሐሙስ ጠዋት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት በደረት ላይ ተለጥፎ የሚቆየው፣ ሆልተር የሚባለው የልብ ምት መቅጃ ያስፈልግሽ እንደሆነ ጠይቂ። ቀጥሎም ተኝተሽና ቆመሽ የልብ ምትሽና የደም ግፊትሽ እንዲለካ ጠይቂ። በአዋቂ ሰው፣ ከቆመ በኋላ ባሉት 10 ደቂቃዎች ውስጥ የደም ግፊቱ ሳይወርድ የልብ ምቱ በደቂቃ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ የሚቆይ ከሆነና ምልክቶቹም ቢያንስ ለሦስት ወር ከዘለቁ፣ ሐኪሞች ፖትስ የሚባለውን ችግር ያስባሉ። ከ6 ወር በላይ የቆየ፣ እረፍትና እንቅልፍ የማያስወግዱት፣ ጉልበት ከወጣ በኋላ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን የሚብስ ድካም ደግሞ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ተብሎ የሚታወቀውን ያስጠረጥራል። ሁለቱም በኢኮም በተለመደው የደም ምርመራም አይታዩም፤ በአንድ ሰው ላይም አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ጭንቀትም ቢሆን ራሱን ችሎ በጥያቄ የሚመረመር እንጂ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ በግምት የሚለጠፍ ስም መሆን የለበትም።

ወደ ሐኪሙ ከመሄድሽ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ያዢ። ምን ሠራሽ፣ ስንት ሰዓት ቆምሽ፣ ስንት ፎቅ ወጣሽ፣ የልብ ምትሽ ስንት ነበር፣ ቡና ስንት ሲኒ ጠጣሽ፣ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ምን ሆንሽ የሚለውን ጻፊ። ጾም ላይ ከሆንሽ ያለ ውኃ የቆየሽበትን ሰዓትም መዝግቢ። ይህ ማስታወሻ ለሐኪሙ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስልሽ፤ የትኛው ሥራ ምን ያህል እንደሚያስከፍልሽ የሚያሳየው እሱ ነው። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ፣ ደህና በዋልሽበት ቀን የቀረውን ሁሉ ለማካካስ ትሮጪያለሽ፣ ከዚያም ትወድቂያለሽ። ወንድምሽ «ስፖርት ብትሠሪ ይለቅሽ ነበር» ያለሽንም ሐኪም ሳታማክሪ አትጀምሪ። ለፖትስ በሐኪም ክትትል የሚደረግ፣ ቀስ እያለ የሚጨምር እንቅስቃሴ ይመከራል፤ ሥር ለሰደደው የድካም ሕመም ግን በየጊዜው እያሳደጉ መሥራትን የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሕክምናው ዝርዝር አውጥቶታል።

አሁን ወደ አለቃሽ እንምጣ። አለቃሽ የበሽታሽን ስም ማወቅ አያስፈልገውም፤ ምን መሥራት እንደምትችዪና ምን እንደማትችዪ ማወቅ ግን ይገባዋል። ስለዚህ ሐኪምሽ «ቀላል ሥራ ይሰጣት» የሚል ወረቀት እንዳይጽፍልሽ ለምኚው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሰው ኃይል ክፍል ሲደርስ «እዚህ ቀላል ሥራ የለም» የሚል መልስ ብቻ ነው የሚያተርፈው። በምትኩ ለምን ያህል ደቂቃ ሳትቀመጪ መቆም እንደምትችዪ፣ ከፍታ ላይ መሥራት እንደሌለብሽ፣ ተቀምጠሽ የቢሮ ሥራ በቀን ስንት ሰዓት መሥራት እንደምትችዪ፣ ይህም እስከ መቼ እንደሚቆይና መቼ እንደገና እንደምትታዪ ቢጽፍልሽ፣ በሥራ አስኪያጁ እጅ የሚሠራበት ነገር ይኖራል። ማመልከቻሽም ከዚያ አይርዘም፤ ለምሳሌ እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦

«ካለብኝ የጤና ችግር የተነሣ ከፍታ ላይ መሥራትና ለረጅም ሰዓት መቆም እንደማልችል ከዚህ ጋር ያያያዝኩት የሕክምና ማስረጃ ይገልጻል። ስለሆነም ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት በኦፊስ መሐንዲስነት እንድመደብና የመግቢያ ሰዓቴ በአንድ ሰዓት እንዲዘገይልኝ እየጠየቅሁ፣ የፕሮጀክቱን የታከፍ ሥራ፣ ባር ስኬጁልና የክፍያ ሰርተፊኬት ዝግጅት ተረክቤ ለመሥራት ዝግጁ መሆኔን እገልጻለሁ።»

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ታከፍ የሥራውን መጠን ከሥዕል ላይ ለክቶ ማውጣት፣ ባር ስኬጁል የፌሮ ልክና ብዛት ዝርዝር፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ደግሞ ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ክፍያ የሚያገኝበት ሰነድ ነው። የመግቢያ ሰዓቱን ያስገባሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት በታክሲ ሰልፍ አርባ ደቂቃ እንደምትቆሚ ጽፈሻል፤ መቆም ለሚያደክመው ሰው የቀኑ ግማሽ ጉልበት ሳይት ሳይደርስ እዚያው ሰልፉ ላይ ያልቃል።

ወደ ቢሮ መግባት ከሙያው መውጣት ይመስልሻል። እኔ አይመስለኝም። ፌሮ ሲታሰር ቆሞ ያየ መሐንዲስ የሚያዘጋጀው ባር ስኬጁል ከወንበር ያልተነሣ ሰው ከሚሠራው ይለያል፤ የተደራረበ ፌሮ የት እንደሚባክን፣ የትኛው ልኬት ከሥዕሉ እንደማይገጥም ታውቂያለሽ፤ ተቋራጩ ገንዘቡን የሚያገኘውም በዚህ ሥራ ነው። ነገር ግን ቢሮም የራሱ ሙሌት አለው፤ የክፍያ ሰርተፊኬት በሚዘጋጅበት የወሩ መጨረሻ ሰው እስከ ሌሊት ተቀምጦ ይሠራል። ልኬቱን በየሳምንቱ እየመዘገብሽ ካልሄድሽ ያ ሳምንት እንደ ሶሌታው አልጋ ላይ ይጥልሻል።

እናትሽ ጸበል እንድትገቢ መፈለጋቸው በእናንተ መካከል ያለ ነገር ነው፤ እኔ የምለው የዓመት ፈቃድሽን ተጠቅመሽ ሂጂ ብቻ ነው፤ የሕመም ፈቃድ በሕክምና ማስረጃ የሚሄድ ነውና። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይገባሽ ስለነበር ያልተጠቀምሽበት ካለ ጠይቂ።

ማስተርሱን በተመለከተ፣ ዘንድሮ አትጀምሪ። በመደበኛው መርሐ ግብር ብትገቢ ደመወዙም የሕመም ፈቃዱም ይቀራል፤ በማታው ብትገቢ ደግሞ ቀኑን የፈጀ ጉልበት ማታም ይጠየቃል። በአዲሱ ምድብ ለሦስት ወር ያህል ሠርተሽ ማስታወሻሽ ሳትወድቂ የምታልፊያቸው ሳምንታት እየበዙ መሄዳቸውን ካሳየሽ፣ የመጪውን ዓመት ማመልከቻ ያኔ እናየዋለን።

ድርጅቱ ጥያቄሽን በቃል ውድቅ ቢያደርገው፣ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። የማመልከቻሽን በመዝገብ ቤት ማኅተም የተደረገበት ግልባጭ፣ የሕክምና ማስረጃውንና የቅጥር ውልሽን ይዘሽ ጉዳዩን ለሚመለከተው የክፍለ ከተማሽ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አቅርቢ፤ እዚያ የሚነግሩሽን ሳትሰሚም ምንም ዓይነት የስምምነት ወይም የስንብት ወረቀት ላይ አትፈርሚ።