የአንባቢያን ጥያቄ፦ ማግኔት የመሬትን ስበት ማጥፋት ይችላል?

ጥያቄ፦ ሁለት ፕሮቶኖች በኤሌክትሪክ የሚገፋፉበት ኃይል በስበት ከሚሳሳቡበት ኃይል 1 ጽፈን 36 ዜሮ በምንደረድርለት ቁጥር ያህል እጥፍ እንደሚበልጥ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ታዲያ ለምን በኤሌክትሪክ አንንሳፈፍም?» አሉኝ። ከተበላሸ ስፒከር ያወጣናቸውን ሁለት ማግኔቶች ፊት ለፊት ስንይዛቸው ይገፋፋሉ፤ ስንለቃቸው ግን የላይኛው ተገልብጦ ይጣበቃል። ስህተታችን ምኑ ላይ ነው? (የፊዚክስ መምህር፣ ከቢቸና)

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ያጠፋችሁት ነገር የለም፤ ማግኔቱን የገለበጠው የተፈጥሮ ሕግ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን። የልጆቹ ጥያቄ መልስ ግን እዚያው የተቀመጡበት መደብ ላይ ነው። ሰው መደቡን ሰንጥቆ ወደ ታች የማይሰምጠው የመደቡ አቶሞች ወደ ላይ ስለሚገፉት ነው፤ ያ ግፊት ደግሞ ከኳንተም ሕግ (የአቶሞች ዓለም ከሚመራበት ሕግ) ጋር የተዳመረ የኤሌክትሮኖች ሥራ ነው። ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ ማለትም የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል፣ ስበትን ሲመክት ውሎ ያድራል ማለት ነው። የማይችለው ስበትን ማጥፋት ነው። ኤሌክትሪክ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ስላለው በቆርቆሮ ሣጥን ይከለላል፤ ስበት ግን መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም፤ የሚከልለውም ነገር አልተገኘም።

ያ ግዙፍ ቁጥር ለምን አያነሳንም? በማንኛውም ዕቃ ውስጥ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ እኩል ስለሆኑ ይጠፋፋሉ። አንዱን ለይተን እንከምር ብንል አየሩ አይፈቅድም፤ የኤሌክትሪክ መስኩ ብርታት በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስ ብልጭ ብሎ ይፈሳል። እዚያ ጫፍ ላይ እንኳ ግፊቱ በካሬ ሜትር 40 ኒውተን ብቻ ነው፤ 4 ኪሎ ያህል ቢሸከም ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ለማንሳት 25 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። የ1 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት መስክ ብርታት መለኪያ ነው) ማግኔታዊ መስክ ግን በካሬ ሜትር 40 ቶን ገደማ ይገፋል። ባቡር የሚያንሳፍፉ መሐንዲሶች ማግኔትን የመረጡት ለዚህ ነው።

ቀላል ነገር ግን በኤሌክትሪክ ይነሳል፤ ክፍል ውስጥ ያሳዩአቸው። ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ስስ ፌስታል መሃሉን አቋርጠው 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ይቁረጡ፤ ክብደቱ የግራም አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከበግ ጸጉር በተሠራ ባና ደጋግመው ይሹት። በዚያው ባና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን የፒቪሲ ቱቦ እንዲሁ ይሹ። ቀለበቱን ወደ ላይ ወርውረው ቱቦውን ከሥሩ ያስከትሉ፤ ሁለቱም ኔጋቲቭ ስለሆኑ ተንሳፍፎ ይቆያል። እጅዎ ላይ ቢለጠፍ አይደነቁ፤ ሰውነት ይስበዋል፣ ስለዚህ በጫፉ ይዘው ቶሎ ይልቀቁት። ወፍራም ፌስታል አይሆንም። በክረምትም አይሞክሩት፤ እርጥበቱ ቻርጁን ያፈሰዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ አየሩ ደረቅና ፀሐያማ በሆነበት ከሰዓት በኋላ ነው የሚሳካው።

አሁን ወደ ማግኔቶቹ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ኧርንሾው እ.ኤ.አ. በ1842 በሒሳብ እንዳሳየው፣ ቋሚ ማግኔቶችን ብቻ እንዴትም ብንደረድራቸው አንዱ በአየር ላይ ረግቶ አይቆምም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ቢረጋ ወደ ጎን ይሸሻል፤ የእናንተውም አልረጋ ብሎ ነው ተገልብጦ የተጣበቀው። የቀለበት ማግኔቶቹን በቀጥ ያለ እንጨት ላይ ከሰካችኋቸው ግን እንጨቱ የጎኑን ሽሽትና መገልበጡን ይይዝላችኋል። ከስፒከሩ ብረት መላቀቃቸውን አረጋግጡ፤ ብረቱ መስኩን ወደ ራሱ ስለሚወስደው ግፊቱ ይደክማል። በመዶሻ አትምቷቸው፣ እንደ ሸክላ ይሰበራሉ። ከዚያ እንጨቱን ከነማግኔቶቹ ሚዛን ላይ አቁሙት። የላይኛው እየተንሳፈፈም ሚዛኑ የሁለቱንም ክብደት ያነባል፤ ስበቱ አልጠፋም፣ ሸክሙ በታችኛው በኩል ወደ ሚዛኑ ወረደ እንጂ። ሚዛኑ ውስጥ ብረት ካለ ንባቡ ስለሚሳሳት ከእንጨቱ ሥር፣ ሚዛኑ ላይ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ካርቶን አድርጉ።

በማግኔት የሚንሳፈፈው የቻይናው የሻንጋይ ባቡር የኧርንሾውን ሕግ ያለፈው በሌላ ዘዴ ነው። ክፍተቱን የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ጠበበ ወይም ሰፋ ባለ ቁጥር የኤሌክትሮማግኔቱን ከረንት ወዲያው ያስተካክላል፣ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ እንዲቆይ። በ30 ኪሎ ሜትር መስመሩ ላይ በሰዓት 430 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ስበትን ወደ ማጥፋት ይበልጥ የቀረበው ግን የእንቁራሪቷ ሙከራ ነው። ውሃ በማግኔት በጣም በትንሹ ስለሚገፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በኔዘርላንድስ ኔይሜኸን ከተማ በ16 ቴስላ መስክ ውስጥ ሕያው እንቁራሪት በአየር ላይ ተንሳፈፈች። ግፊቱ እንደ መደብ ከሥር ብቻ ሳይሆን የሰውነቷን እያንዳንዱን ሞለኪውል የሚያነሳ ነበር፤ ይህ በጣም ያስደንቀናል። ግን የተንሳፈፈችበት ቀዳዳ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ በስስ ሽቦና በአሉሚኒየም ፎይል የተሠራ ነገር ያለ ክንፍ ሲነሳ በቪዲዮ አየሁ። ጸረ ስበት ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አይደለም፣ ነፋስ ነው። ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ በሚደርስ ቮልት ሽቦው ዙሪያ ያለው አየር አዮን (ቻርጅ የያዘ) ይሆናል፣ ወደ ፎይሉ ሲሮጥ ሌላውን አየር ወደ ታች ይገፋል፣ ዕቃው ወደ ላይ ይነሳል። አየር በሌለበት አይነሳም። ብርቱ ማሳሰቢያ አለን፦ ይህን ቮልቴጅ ፍለጋ አሮጌ ቴሌቪዥን እንዳትከፍቱ። የወፍራሙ ቴሌቪዥን መስታወት ሶኬቱ ከተነቀለ ከብዙ ሰዓት በኋላም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።