«ሽሙዝ አድርጊ» ማለት ስድብ ነው ወይ? ለጠየቀችው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። አለቃሽ «ሐሙስ ከስብሰባው በኋላ ትንሽ ቆይተሽ ከደንበኞቹ ጋር ሽሙዝ አድርጊ» ብላ ጻፈችልሽ፤ የስልክሽ መተርጎሚያ ደግሞ «ማሽቃበጥ» ብሎ ሲተረጉመው ደምሽ ፈላ። ከሥር መልስ ከሰጡሽ ገሚሱ «ንቃሽ ነው»፣ ገሚሱ «ጀርመንኛ ነው» ብለዋል። ሁለቱም አይደለም። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ በሆቴል የግብዣና የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ቃሏን ጠዋት ማታ እሰማታለሁና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሽሙዝ (schmooze) ማድረግ ማለት በአሜሪካ እንግሊዝኛ ዘና ብሎ መጨዋወት ነው። «ምን ያስቸኩልሻል፣ ቁጭ በይ እንጫወት» ስንል ያለችው ዓይነት ጨዋታ። አጀንዳ የለውም፣ ቃለ ጉባኤ አይያዝበትም። ግን ቃሉ ሁለት ፊት አለው፤ የሚለያቸውም ትንሿ «ዊዝ» (with፣ «ጋር» ማለት) ናት። አንድ ሰው «ሽሙዝድ ዊዝ ዘ ክላየንትስ» ከተባለ ከደንበኞቹ ጋር ሲጫወት ነበር ማለት ነው፣ ምንም ነውር የለበትም። ዊዝ ወጥታ «ሽሙዝድ ዘ ክላየንትስ» ከተባለ ግን ደንበኞቹን አግባባቸው፣ አለሳለሳቸው፣ ከጨዋታው ጀርባ የፈለገው ነገር አለ ማለት ነው። «ሽሙዘር» የሚባል ሰው ደግሞ እንደ ተናጋሪው ድምፅ ነው፤ አንዳንዴ ተግባቢ፣ አንዳንዴ አፈ ቅቤ። ልበ ጩቤ እስከማለት ግን አይደርስም። አለቃሽ የጻፈችው ከነዊዙ ነው፤ መተርጎሚያው የነገረሽ ሁለተኛውን ፊት ብቻ ነው።

ከየት መጣ ላልሽው፣ ከይዲሽ ነው። ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው፤ አጥንቱ ጀርመንኛ፣ ፊደሉ የዕብራይስጥ፣ መሃል መሃሉ ላይ የዕብራይስጥና የስላቭ ቃላት የገቡበት። ጀርመንኛ የመሰላችሁ ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የሩሲያው ዛር አሌክሳንደር 2ኛ ከተገደለ በኋላ በአይሁዶች ላይ ጥቃቱ ሲበረታ ሕዝቡ መሰደድ ጀመረ፤ አሜሪካ በ1924 በሯን በሕግ እስክታጠብብ ድረስ 2 ሚሊዮን ገደማ ሰው ገባ። ብዙዎቹ ያረፉት ኒው ዮርክ፣ ሎወር ኢስት ሳይድ ሲሆን፣ በልብስ ስፌት ተቀጥረው በጠባብ ቤት ተፋፍገው ነበር የሚኖሩት። ቋንቋቸውም ቀስ እያለ ወደ ከተማው እንግሊዝኛ ሰረገ። ጠዋት የምንገዛው ቤግል የሚባለው ቀለበት መሳይ ዳቦ፣ ከባድ ዕቃ መጎተትን «ሽሌፕ»፣ መነጫነጭን «ክቬች» የምንለው ሁሉ ከዚያው ነው። ሽሙዝም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ያለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የማግባባት ትርጉሙ የጎላው በኋላ፣ ቃሉ የአሜሪካ ቢሮና ፖለቲካ ውስጥ ከገባ ወዲህ ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለኝ ክፍል። በይዲሽ «ሽሙኤስ» ወግ፣ ጨዋታ ማለት ነው። እሱ የተወለደው ከዕብራይስጡ «ሽሙዖት» ሲሆን ትርጉሙ ወሬዎች፣ የተሰሙ ነገሮች ነው። ሥሩ «ሻማዕ» ነው። አዎ፣ የእኛው ሰማ፤ በግዕዙ ሰምዐ። የዕብራይስጡ ሸ ወደ እኛ ሲመጣ ሰ የሚሆንባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፦ ሻሎም ሰላም፣ ሻማይም ሰማይ፣ ሼም ስም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 «የሰማነውን ነገር ማን አምኖአል?» ብሎ ሲጀምር በዕብራይስጡ እዚያ ቦታ የተቀመጠው ይኸው ቃል ነው፣ በነጠላው «ሽሙዓ»። እስራኤል ያላችሁ ልጆች ያልተረጋገጠ ወሬ «ሽሙዖት» ሲባል ዛሬም ትሰማላችሁ። እኛስ እንዲህ ያለውን ወሬ «በስማ በለው የመጣ» አይደል የምንለው? እና እህቴ፣ የተቆጣሽበት ቃል ሩቅም ቢሆን ዘመድሽ ነው።

ጀርመን ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ከዚያው ምንጭ የወጣው «ሽሙዘን» እዚያ አገር መተቃቀፍና መደባበስ ሆኗል። አለቃሽ ፍራንክፈርት ብትሆን ኖሮ ቁጣሽ ልክ ነበር! ለንደን ያላችሁ ደግሞ «ናተር» እና «ቺንዋግ» ነው የምትሰሙት፤ ቺንዋግ ቃል በቃል አገጭ ማወዛወዝ ነው። እነዚህ ተራ ወሬ ብቻ ናቸው፣ የሚፈለግ ጥቅም የለባቸውም።

ወደ ሐሙስሽ ልመለስ። እኛ አዳራሽ ከእራት በፊት ያለው ሰዓት ዋናው የሽሙዝ ሰዓት ነው። የለመደው ሰው ብርጭቆውን በግራ ይይዛል፣ ቀኝ እጁ ለሰላምታ ደረቅና ነፃ እንዲሆን። የስም ካርዱን ቀኝ ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ሲጨባበጡ ዓይን ወደዚያ ስለሚሄድ። ትሪ ይዘን በመሃላቸው ስናልፍ የምንሰማው ስለ ልጁ እግር ኳስ፣ ስለ መንገዱ መዘጋጋት፣ ስለ ታመመው ውሻ ነው። ስለ ውል አንድ ቃል አይወጣም፤ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ውል የሚፈራረሙት እነዚያው ናቸው። የእኛ ልጆች ደግሞ፣ ልክ ስብሰባው እንዳለቀ ቦርሳቸውን አንሥተው ውልቅ ይላሉ። «የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ፣ ምን ልሁን ብዬ እቆያለሁ» ነው ነገሩ። ይሉኝታም አለበት፤ ሰው ካላናገረን አናናግርም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከአንቺ ያነሰ የሚሠራው ሰው የሚያድገው ብዙ ጊዜ በዚያች ሰዓት ነው። ይኼ ልክ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ እንዲያውም ያበሳጨኛል።

ብዙ ማውራት አይጠበቅብሽም። ምግቡ አጠገብ ቁሚ፣ ሰው ወደዚያ ራሱ ይመጣል። ከየት እንደመጡ ጠይቂና እስኪጨርሱ ስሚ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ምርጫ አታንሺ። የአገርሽን ነገር ከጠየቁሽ ቡናው በቂ ነው፤ ፖለቲካችን ውስጥ ከገባሽ አዳራሹ ተዘግቶም አትጨርሺም።

ለኢሜይሉ «እቆያለሁ፤ በተለይ ላነጋግረው የሚገባ ሰው አለ?» ብለሽ መልሺላት። «ማንም ይሁን፣ ዝም ብለሽ ተዝናኚ» ካለችሽ ከነዊዙ ነው። ስም ጠርታ ከመለሰችልሽ ግን ዊዟ ወጥታለች ማለት ነውና ስለዚያ ሰው መሥሪያ ቤት ትንሽ አንብበሽ ግቢ።