ዋልማርት ሲመጣ ትንሿ ከተማ ምን ትሆናለች? ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ አሜሪካ ለገጠር ከተማ ሱቆች እቃ በጅምላ ሳከፋፍል ብዙ አመት ሆኖኛል፣ ሁሉን ነገር በርካሽ ስለሚሸጠው ባለብዙ ቅርንጫፍ ትልቅ ሱቅ ስለ ዋልማርትና ስለ መሰሎቹ የመጣላችሁን ጠይቁ። አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ እውነት ዋልማርት የገባበት ከተማ ሱቆች በሙሉ ይዘጋሉ?

መልስ፦ በሙሉማ አይዘጉም። አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬኔዝ ስቶን የሚባል ኢኮኖሚስት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የትንንሽ ከተሞችን ሽያጭ ሲከታተል ነበር፣ ያገኘው ነገር ይገርማል። ዋልማርት በገባበት ከተማ ምግብ ቤቱና ፈርኒቸር ሻጩ እንደውም ገበያ ደራለት፣ ሰው ከሩቅ ይመጣላ፣ ከመጣ አይቀር ደግሞ ምሳውን በልቶ ነው የሚሄደው። የተጎዳው ዋልማርት የሚሸጠውን አይነት እቃ የሚሸጠው ነው። ከሁሉም የባሰባቸው ግን ዋልማርት ያልገባባቸው ጎረቤት ከተሞች ናቸው፣ ብሩ ከነሱ ይወጣል ተመልሶ የሚገባ ነገር የለም። ይሄን ብዙ ሰው አያየውም።

ጥያቄ፦ ግን እንዴት ነው እንዲህ የሚረክስላቸው? በኪሳራ ነው እንዴ የሚሸጡት?

መልስ፦ አይ፣ ዋናው ነገር ማጓጓዣው ነው። ሳም ዋልተን በ1962 አርካንሶ ሮጀርስ ላይ የመጀመሪያውን ዋልማርት ከከፈተ በኋላ ሌሎቹ ትልልቅ ከተማ ሲሻሙ እሱ ትንንሾቹን ያዘ፣ መጋዘን ያቆምና ከመጋዘኑ መኪና በአንድ ቀን የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ሱቅ ይከፍታል። ትንሹ ሱቅ ግን የሚያመጣው ከእኛ ከአከፋፋዮቹ ነው፣ እኛም ትርፋችንን ይዘን ነው የምንሰጠው፣ መዋሸት የለብኝም። ፋብሪካ ለትልቁ በርካሽ ለትንሹ በውድ እንዳይሸጥ የሚል የ1936 ህግ አለ፣ ሮቢንሰን ፓትማን ይባላል፣ ግን መንግስት ለረጅም አመት ወረቀት ላይ ነው የተወው።

ጥያቄ፦ ስራ ይፈጥራል ይባላል እኮ

መልስ፦ ይፈጥራል፣ ያጠፋልም። ኤመክ ባስከር የምትባል ተመራማሪ በ2005 እንዳወጣችው ዋልማርት በገባበት አመት የካውንቲው (እንደ እኛ ወረዳ በሉት) የችርቻሮ ስራ በ100 ሰራተኛ ገደማ ይጨምርና በአምስት አመት ውስጥ ሌሎች ሱቆች ሲዘጉ የጨመረው ግማሹ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ዋልማርቱ ራሱ ቢዘጋስ?

መልስ፦ ክፋቱ እሱ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ኦሪየንታል የምትባል ትንሽዬ ከተማ አለች፣ በ2014 ዋልማርት ኤክስፕረስ የሚባለው ትንሹ የዋልማርት ሱቅ ገባ፣ በ2015 ከተማዋ የነበራት ግሮሰሪ መቋቋም አቅቶት ዘጋ፣ በጥር 2016 ዋልማርት አሜሪካ ውስጥ 154 ሱቅ እዘጋለሁ ሲል የኦሪየንታሉም አብሮ ሄደ። ሁለቱንም አጡ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ከተማ ውስጥ ጋዝ ስቴሽን ከነሱቁ ልገዛ ነው፣ ፊት ለፊቱ ዶላር ጄኔራል የሚባለው የርካሽ እቃ ሱቅ ሊከፈት ነው እየተባለ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተን ከዋልማርት ይልቅ እሱ ነው የሚያሰጋህ፣ ከ20,000 በላይ ሱቅ አለው፣ የሚመርጠውም ዋልማርት የማይገባባትን መንደር ነው። በሳሙናና በሶፍት አትወዳደረው። ትኩስ ምግብ፣ ቡና፣ ሀይቅ ቅርብ ከሆንክ ደሞ የአሳ ማጥመጃ ትል ያዝ። አትሳቅ፣ ሰውዬው ለሊት 11 ሰአት ትል ሊገዛ ይመጣል፣ ቡናና ሳንዱች ይዞ፣ ነዳጅ ሞልቶ ይሄዳል። ደሞ ሳትፈርም ሻጩ የሚያሳይህን ሽያጭ ሲጋራና ሎተሪ ቀንሰህ እየው፣ እነሱ ቁጥሩን ያሳብጡታል እንጂ ትርፋቸው ኢምንት ነው። ያለነሱ ቁጥሩ ካላማረህ ተወው።

ጥያቄ፦ እኛ ሀገርስ? የፈረንሳዩ ሱፐርማርኬት ካርፉር መጣ ሲባል የሰፈር ሱቅ አበቃለት ማለት ነው?

መልስ፦ ችርቻሮና ጅምላ ለውጭ ባለሀብት የተፈቀደው በ2024 ነው፣ ገና ነው። ዋልማርት የቆመው ባለመኪና ደንበኛ ላይ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ የሚበቃውን ባንዴ ጭኖ የሚሄድ። ሁለት እንቁላልና ግማሽ ኪሎ ስኳር በዱቤ የምትወስደውን እናት ማን ይነካታል? ባለሱቁማ እንደውም ከነካርፉር ረከሰልኝ ካለ እቃውን ከነሱ ያመጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ማሰብ ያለበት የመርካቶው ጅምላ ነጋዴ ነው።